የዘይት መለኪያው ዘንግ ሙሉ እያሳየ ሞተር ሊነክስ (ውስጡ ተጣብቆ አልዞር ሊል) ይችላል?

ጠያቂ፦

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ያላትና ማርሿ በእጅ የሚቀየር ናት። ባለፈው ሳምንት ረጅም ዳገት በ3ኛ ማርሽ እየወጣሁ ሳለ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ማለት ጀመረ። እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሣ ይጠፋል፤ ስረግጥ ተመልሶ ይበራል። ከዚህ በፊት የሴንሰሩ ሽቦ ላልቶ ያለ ምክንያት ሲበራ አይቼው ስለነበር ይኸኛውም ያው ነው ብዬ ናቅሁት። ወደ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝሁ በኋላ ከሥር በኩል በመዶሻ ብረት እንደመምታት ያለ ድምፅ ተሰማ። ድምፁ ከነዳጁ ጋር እየፈጠነና እየጠነከረ ሄደ፤ ከዚያም ሞተሩ አንዳች ነገር እንደያዘው ሁሉ እየከበደ መጥቶ ዳገቱን ሳልጨርስ በራሱ ጊዜ ቆመ።

አሁን ቁልፉን ስጠመዝዝ ቀጭ የሚል አንድ ድምፅ ይሰማና ዝም ይላል፤ የዳሽቦርዱም መብራቶች ይደበዝዛሉ። ግራ ያጋባኝ ግን የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ነው። ጠርጌ መልሼ ከትቼ ስመዘው ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ እንዲያውም ወደ ላይኛው ቀርቦ ይታያል። መኪናዋን ያየ አንድ ባለሙያ አንዲት ቡሎን እንኳ ሳይፈታ "ነክሷል፤ ሌላ ሞተር ፈልግ" ብሎኛል። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ሞተር እንዴት ይነክሳል? በእርግጥ መንከሱንስ ሞተሩን ሳላወርድ በምን ላረጋግጥ እችላለሁ?

መፍቻ 17፦

የነገሩዎት ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሳይፈታ የተሰጠ ፍርድ ስለሆነ ይግባኝ ሊባልበት ይገባል። ከሁሉ አስቀድመው ቁልፉን መሞከር ያቁሙ፤ አልዞር ያለን ሞተር በሞቶሪኖ (በሞተር ማስነሻው) መታገል ገመዱን ከማጋልና የቮላኖውን (ሞቶሪኖው የሚያዞረውን ትልቅ ጎማ) ጥርስ ከመጉዳት በቀር የሚሰጠው ነገር የለም።

ቀጥሎ ባትሪውን ይለኩ። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ አልቋል ማለት ነው። ባትሪው ደህና ሆኖ ሳለ፣ ቁልፉ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ሲጠመዘዝ ቮልቱ ከ10 በታች ከወደቀ ሞቶሪኖው ጉልበት ወስዶ እየገፋ ነው፤ የሚገፋው ነገር ግን አልነቃነቅ ብሎታል። ቮልቱ ምንም ሳይወርድ ቀጭ ብቻ ካለ ጥፋቱ ከሞቶሪኖው ወይም ከገመዱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የእርስዎ መብራት ይደበዝዛል ስላሉ ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል፤ ሆኖም የባትሪ ጫፍ መላላትም ይህንኑ ያደርጋልና ጫፎቹን አጥብቀው ይድገሙት።

ከዚያ በኋላ ከሞተሩ ውጭ ያለውን ሁሉ ከጥርጣሬ ያስወጡ። ቺንጋውን (ቀበቶውን) አውጥተው ዲናሞውን፣ የውኃ ፓምፑንና የማቀዝቀዣውን ኮምፕሬሰር እያንዳንዳቸውን በእጅ ያዙሩ፤ ከእነርሱ አንዱ ተጣብቆ ሞተሩ እንደነከሰ ተቆጥሮ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ማርሹን ባዶ ላይ አድርገው አራቱንም ካንዴላ ይፍቱ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፤ በሲሊንደር ውስጥ ውኃ ወይም ነዳጅ ተጠራቅሞ ፒስተኑን ይዞት ከሆነ በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል፤ አየሩም ስለማይታመቅ ኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ማዞር ይቀልላል። በመጨረሻ በፊት በኩል ባለው፣ በኮሎው ጫፍ ላይ ቺንጋውን በሚያዞረው ፑሌጃ ቡሎን ላይ ረጅም እጀታ ያለው መፍቻ አስገብተው ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ይሞክሩት። የአብዛኞቹ አቅጣጫ የሰዓት ቆጣሪ ነው፤ አንዳንድ አሮጌ የሆንዳ ሞተሮች ግን በተቃራኒው ስለሚዞሩ የራስዎን አስቀድመው ያጣሩ።

ካንዴላ የወጣለት ጤነኛ ሞተር ያለ ብዙ ትግል በአንድ ሰው እጅ ይዞራል። ጥቂት ዞሮ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ብረት ለብረት እንደተጋጨ ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ ቫልቮቹን ከኮሎው ጋር የሚያያይዘው ሰንሰለት ዘልሎ ቫልቭና ፒስተን ተገናኝተው ይሆናል። ከመነሻው አልነቃነቅም ካለ ግን የነከሰው ብሮንዚኑ (ኮሎው የሚዞርበት ስስ የብረት ማረፊያ) ወይም ፒስተኑ ነው። እጀታውን በቧንቧ አስረዝመው በግድ አያዙሩት፤ የተጣበቀው ሲላቀቅ ሌላ ነገር ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ የምንፈልገውንም ማስረጃ ያበላሻል።

የዘይት ነገር፦

መፍቻ 17 ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ የምመለስበት ግን ጠያቂው በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጣል አድርገውት ያለፉትን ነገር ነው፤ መብራቱ ሲረግጡ ይበራል፣ ሲለቁ ይጠፋል ብለዋል። ለእኔ ከጠቅላላው ጽሑፍ ትልቁ ምልክት ይኸው ነው።

ዘንጉ የሚናገረው በኮፓው (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ስንት ዘይት እንዳለ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ብሮንዚኑ እንደደረሰ ግን ምንም አይናገርም። በኮሎውና በብሮንዚኑ መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኞቹ የትናንሽ መኪና ሞተሮች ከ0.03 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ኮሎው ሲዞር ዘይቱን በዚህች ክፍተት ውስጥ እየጎተተ ከሥሩ እንደ ሽብልቅ ስለሚያስገባው ብረቱ ብረቱን ሳይነካ በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ይሽከረከራል። የፓምፑ ሥራ ያችን ክፍተት ሳያቋርጥ መመገብ ነው። መግቦቱ ከተቋረጠ ስስ የሆነው የብሮንዚኑ የላይኛው ንብርብር ወዲያው ይግላል፤ በብዙ ብሮንዚኖች በዚያ ንብርብር ውስጥ የሚገኘው ቆርቆሮ (ቲን የሚባለው ማዕድን) የሚቀልጠው በ232 ዲግሪ ስለሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከበቂ በላይ ነው። ዘይት ወደ ቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር ወደሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚን የሚደርሰው በኮሎው ብሮንዚን በኩል አልፎ፣ በኮሎው ውስጥ በተበሳው ቀዳዳ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሞተው የቢየላው ነው። ያ የመዶሻ ድምፅ የእርሱ ጩኸት ይመስለኛል።

አሁን ወደ መብራቱ። ብሮንዚኑ አርጅቶ ክፍተቱ የሰፋ ሞተር መብራቱን የሚያበራው ሲሞቅና ቆሞ ሲሠራ ነው፤ ነዳጅ ሲሰጡት ፓምፑ ስለሚፈጥን ይጠፋል። ዘይት የጎደለው ሞተር በመታጠፊያና በፍሬን ጊዜ፣ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ ያበራል። የግፊት መልቀቂያ ቫልቩ ተከፍቶ የቀረ ከሆነ በማንኛውም ፍጥነት ግፊቱ ደካማ ነው። የእርስዎ ከእነዚህ የተለየ ነው፤ ፓምፑ ብዙ ዘይት ሲፈልግ ያጣል፣ ጥቂት ሲፈልግ ያገኛል። ይህ ጠባብ ጉሮሮ ነው። ከኮፓው ሥር ያለው የመምጠጫው ወንፊት ተዘግቷል፤ ካልሆነም በመምጠጫ ቱቦው መጋጠሚያ ያለው የጎማ ቀለበት ደርቆ ከዘይት ይልቅ አየር ይስባል።

ደግሞም ያ መብራት ለማስጠንቀቅ የዘገየ ነው። አብዛኛው ሴንሰር የሚያበራው ግፊቱ ከ0.5 ባር በታች፣ አንዳንዱም 0.3 ሲደርስ ነው፤ የሞቀ ጤነኛ ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ላይ በአብዛኛው ወደ 3 ባርና ከዚያም በላይ ይይዛል። ስለዚህ በዳገት ላይ፣ ነዳጅ ተረግጦ፣ መብራቱ በራ ማለት ብሮንዚኑ ከመራብ አልፎ በረሃብ እየሞተ ነበር ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፤ ኮፓው ከዚህ በፊት ወርዶ ያውቃል?

ፈጥኖ ደራሽ፦

ይህን ያህል ምርመራ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። በየካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣ ጨምረው ሌሊቱን ያሳድሩት፣ በማግሥቱ 4ኛ ማርሽ አስገብተው በሌላ መኪና ይጎተት። የእኔ በዚህ መንገድ ተላቆ ሠርቷል።

መፍቻ 17፦

ወንድሜ፣ የእርስዎ መኪና ለረጅም ጊዜ ቆማ የነበረች ሳትሆን አትቀርም። ሳይሠራ ለዓመታት የቆመ ሞተር የሚያዘው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ሲጣበቅ ነው፤ እዚያ ናፍጣም ሆነ ዝገት ማላቀቂያ ሰርጎ ገብቶ ይሠራል። ይኸኛው ግን እየሠራ ሳለ በግለት የተያዘ ነው። ከፒስተኑ በላይ የፈሰሰ ናፍጣ ወደ ቢየላው ብሮንዚን በጎ ነገር ይዞ አይወርድም፤ በፋሻው ሾልኮ ኮፓ ውስጥ ሲገባ የተረፈውን ዘይት ያቀጥነዋል። በማርሽ መጎተቱ ደግሞ የባሰ ነው። በግለት የተያዘን ቢየላ በሙሉ የመኪናው ክብደት ማስገደድ ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ገላ እንዲበሳ መጋበዝ ነው፤ ዛሬ ሊጠገን የሚችለው ሞተር ያን ጊዜ በእርግጥ ይጣላል።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስካሁን የደረስሁበትን ልጻፍ።

ባትሪው 12.5 ቮልት ነው፤ ጫፎቹን አጥብቄ ስሞክር ወደ 9 ወረደ። ቺንጋውን አውጥቼ ዲናሞውም ሌላውም በጣት ይዞራል። ካንዴላዎቹ ደረቅ ናቸው፤ ምንም ፈሳሽ አልወጣም። የፑሌጃውን ቡሎን ግማሽ ሜትር በሚሆን እጀታ ስሞክረው ፈጽሞ አልተነቃነቀም።

ዘይቱን ያፈሰስሁት በንጹሕ ነጭ ሳህን ውስጥ ነው። በጥላ ሲያዩት ተራ ጥቁር ዘይት ነው፤ ወደ ፀሐይ አውጥቼ ሳህኑን ሳዘነብለው ግን እንደ መኪና ቀለም ያብረቀርቃል። በላስቲክ የጠቀለልሁትን ማግኔት ስነክርበት ብልጭልጩ አብዛኛው አልተያዘም። ፊልትሮውንም (የዘይት ማጣሪያውንም) በመጋዝ ሳይሆን በቆርቆሮ መክፈቻ ቀደድሁት፤ የመጋዙ ዱቄት ከሞተሩ ብናኝ ጋር እንዳይደባለቅብኝ ፈርቼ ነው። ወረቀቱን ዘርግቼ ሳየው በእጥፋቶቹ መካከል የመዳብ ቀለም ያላቸው ስንጥርጣሪዎች ነበሩ።

ለጥያቄዎም፣ አዎን፤ ከስምንት ወር በፊት ከኮፓው ዙሪያ ዘይት ይንጠባጠብ ስለነበር አስወርጄ በሲሊኮን አስለጥፌው ነበር። እስከዛሬ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ይህ ከነገሩ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የዘይት ነገር፦

ሊያገናኘው ይችላል። ኮፓውን አውርደው በመጀመሪያ የወንፊቱን አፍ ይዩት፤ ከማጠብዎ በፊት ፎቶግራፍ ያንሡት። ማግኔት የማይዘው የመዳብ ቀለም ያለው ብናኝ ከብሮንዚን ነው፤ ማግኔት ቢይዘው ኖሮ ስለ ኮሎው፣ ስለ ፓምፑ ጥርስ ወይም ስለ ሰንሰለቱ እናስብ ነበር። ከዚያ የቢየላ ክዳኖችን ሲፈቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያውርዱ። እያንዳንዱን ክዳን ከነቢየላው ምልክት አድርገውበት አንዱን ይፍቱ፣ ኮሎውን በመፍቻ ይሞክሩ፣ ካልዞረ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። የያዘው የትኛው እንደሆነ ኮሎው ራሱ ይነግርዎታል።

ጠያቂ፦

በጓደኛዬ እርዳታ ኮፓውን አወረድሁ። ወንፊቱን ሳይ ለደቂቃ ያህል ምን እንደማየው አልገባኝም። የብረት መረቡ አይታይም፤ በላዩ ላይ እንደ ማስቲካ ያለ ግራጫ ነገር ተለጥፏል። በጥፍሬ ስይዘው እየተሳበ ወጣ፤ ርዝመቱ የትንሽ ጣቴን ያህላል፤ በአንድ ጎኑ የኮፓውን ከንፈር ቅርጽ እንደያዘ ነው። ኮፓው ሲለጠፍ ወደ ውስጥ የተረፈረፈው ሲሊኮን ነው። ሌሎች አራት አምስት ቁራጮችም ነበሩ። ከመረቡ ክፍት ሆኖ የቀረው ሩብ የሚሆነው ነው፤ በእርሱም ላይ ጥቁር ዝቃጭ ሞልቶበታል።

ቢየላዎቹን እንዳሉኝ አንድ በአንድ ፈታሁ። የ1ኛውና የ2ኛው ብሮንዚን ተጭሯል፣ መዳቡም በቦታ በቦታው ብቅ ብሏል፤ ኮሎው ግን አልዞረም። የ3ኛው ክዳን ቡሎኖቹ ከወጡም በኋላ አልነሣ ብሎ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልሁ ሳንኳኳው ነው የወጣው። ሁለቱ ብሮንዚኖች ከቦታቸው ዞረው አንዱ በሌላው ላይ ተደርበዋል፣ የዘይቱን ቀዳዳም ደፍነውታል። የቢየላው ሥር በሰማያዊና በሐምራዊ መካከል ያለ ቀለም ይዟል። ቢየላውን ከነፒስተኑ ወደ ላይ ገፍቼ ኮሎውን ስሞክረው ያለ ችግር ዞረ።

ጓደኛዬ ኮሎውን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሽተን፣ አዲስ ብሮንዚን ገጥመን፣ ወንፊቱን አጥበን እናስነሣው ይላል። ይህ ያዋጣል?

ቶርኖ ቤት፦

አያዋጣም፤ ምክንያቱን ልንገርዎት። ብሮንዚኑ የዞረበት ቢየላ ሁለት ነገር ይደርስበታል። ብሮንዚኑ በውስጡ ሲሽከረከር ቀዳዳውን ይበላዋል፤ ግለቱም ክብነቱን ያበላሸዋል። አዲስ ብሮንዚን በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ተጠብቆ መቀመጥ ስለማይችል እንደገና ይዞራል። ሰማያዊ ቀለም የያዘ ብረት በግምት 300 ዲግሪ ደርሷል ማለት ስለሆነ እኔ እንዲህ ያለውን ቢየላ ለማንም ደንበኛ አልመልስም፤ በሌላ ይተካ፣ ክብደቱም ከሌሎቹ ጋር ይመጣጠን።

ኮሎውን በማይክሮሜትር እያንዳንዱን አንገት (ብሮንዚን የሚያቅፈውን ክብ ክፍል) በሁለት አቅጣጫ፣ በመሐልና በዳርም ይለኩት። ክብነቱን ያጣው በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ቢሆንም እንኳ በወረቀት አይስተካከልም፤ ወረቀት የሚያስተካክለው ለዓይን ብቻ ነው። በቶርኖ ቤት 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ተቆርጦ በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚን ይገጠምለታል። ከመቆረጡ በፊት ስንጥቅ እንደሌለው ይመርመር። የአንዳንድ ሞተሮች ኮሎ ፊቱ ብቻ የጠነከረ ስለሆነ ከተቆረጠ በኋላ ዳግመኛ መጠንከር ይኖርበታል፤ ጭራሽ እንዳይቆረጥ አምራቹ የከለከለውም አለ። ይህንን ከሞተርዎ መመሪያ ያረጋግጡ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ። ያ ፀሐይ ላይ ያዩት ብልጭልጭ በዘይት መንገዱ ሁሉ ተሠራጭቷል። የኮሎው የውስጥ ቀዳዳዎችና የሞተሩ ገላ የዘይት መስመሮች መድፈኛ ቡሽ ካላቸው ቡሹ ወጥቶ በብሩሽና በግፊት ይታጠቡ። የዘይት ማቀዝቀዣ ካለው አይጠቡት፤ በቀጫጭን መተላለፊያዎቹ ውስጥ የቀረውን ብናኝ ማንም አጥቦ አልጨረሰውምና ይቀየር። የዘይት ፓምፑንም ይክፈቱት፤ ብናኝ ጥርሱን ጭሮት ከሆነ ይተኩት። ቴስታታውንም (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ሳያዩ አይለፉ፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ዘንግ በብዙ ሞተሮች ያለ ብሮንዚን በቀጥታ በአሉሚኒየሙ ላይ ስለሚቀመጥና ከፓምፑ ሩቅ ስለሆነ በረሃቡ ጊዜ እርሱም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሁሉን ደምረው ሲያዩት ወጪው ከሌላ ሞተር ሊስተካከል ይችላል፤ ሌላ ሞተር ለመግጠም ቢወስኑ እንኳ ኮፓውንና ማቀዝቀዣውን ከአሮጌው ወደ አዲሱ አያዛውሩ።

ጠያቂ፦

ከአንድ ወር በኋላ የተመለስሁት ውጤቱን ለመጻፍ ነው። የ3ኛው አንገት ከሌሎቹ በ0.18 ሚሊ ሜትር ቀጥኖ፣ ክብነቱንም አጥቶ ስለተገኘ ኮሎው በመመሪያው በተፈቀደው መሠረት 0.50 ተቆረጠ። ቢየላው ተቀየረ። ፓምፑና የዘይት ማቀዝቀዣው በአዲስ ተተኩ። የካም ዘንጉ መቀመጫዎች ጥቂት ጭረት ቢኖርባቸውም በልክ ውስጥ ናቸው። ኮፓውን ራሴ ለጠፍሁት፤ የጨመርሁት ሲሊኮን ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ቀጭን መስመር ነው፤ ዘይት የሞላሁትም አንድ ሌሊት ካደረቅሁት በኋላ ነው።

ከማስነሣቴ በፊት ሴንሰሩን ፈትቼ በቦታው በቱቦ የሚገጠም የግፊት መለኪያ አሰርሁ። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቅዬ ካንዴላዎቹን እንዳወጣሁ በሞቶሪኖው ብቻ አዞርሁት። መርፌው መጀመሪያ ምንም አላለም፤ ሦስት ጊዜ እያሳረፍሁ ከሞከርሁ በኋላ ተንቀጥቅጦ ተነሣና 2 ባር ላይ ቆመ። ካንዴላውንና ፊውዙን መልሼ ሳስነሣው ሞቆ ቆሞ ሲሠራ 1.4፣ በ3000 ዙር ላይ 3.8 ባር ያሳያል። መለኪያውን እስካሁን አልፈታሁትም፤ ያንኑ ዳገት በ3ኛ ማርሽ ወጥቼበት መርፌው ከ3.5 በታች አልወረደም።